ሦስቱን ውድድር በጾም የጨረስኩባት አርብ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ ላወጣው ሞክሬ አቅቶኛል። ታናሿ ልጄ ያኔ ገና ጡት ላይ ነበረች፤ ሱዳን ውስጥ፣ መፋዛ ላይ የነበረችንን ጎጆም ክዳኗን የቀየርንበት ዓመት ይመስለኛል። ባለቤቴ ደግሞ "የለም፣ ክዳኑ የተቀየረው በማግስቱ ዓመት ነው" ትላለች። እሷ ካለች እሷ ትክክል ናት። ወሩ ግን አይጠፋኝም። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ አልቆ፣ ማሽላው ገና ያልተቆረጠበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን እኛ የጎንደር ቆላ ሰዎች እጃችን ሥራ ይፈታል። የራሃድ ወንዝም ጎርፉ ጎድሎለት፣ ሳይደርቅም፣ ቀስ እያለ ይወርዳል።

እኔ ያኔ ሯጭ ነበርኩ። ሯጭ ስል ዋንጫ ያለው አይምሰላችሁ። ክረምት ሲገባ የዚያ አገር ጥቁር አፈር ይጨቀይና ትራክተሩም መኪናውም አይነቃነቅም። ስለዚህ የእርሻው ወኪል፣ ማለት ባለቤቱን ተክቶ ሠራተኛ የሚያዝ ሰው፣ ከአንዱ የእርሻ ሰፈር ወደ ሌላው መልእክት ሲኖረው እኔን ይልከኝ ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ በጭቃው ላይ ሽው ነው! በጋ ሲሆን ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ማንም ሳይልከኝ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። ሰዉ ይስቅብኛል። እኔ ግን ስሮጥ የሚሰማኝን ደስታ በምን ልንገራችሁ።

ውሃ ግን አልወድም። መጀመሪያ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ወዲህ ስንሻገር ራሃድ ሞልቶ አገኘን። ሌላው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ገባ። እኔ ዳሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በኋላ አንድ ጠንካራ የቋራ ልጅ በጀርባው አዝሎ አሻገረኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን አንቄ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ጓደኞቼ ስሜን ትተው "ጆንያው" አሉኝ። ዓመታት አልፈው፣ አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ እንኳ "ጆንያው እንዴት አደርክ?" ነበር ሰላምታቸው። በቀልድ ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቀን ሰው ሳይሸከመኝ እዚያ ወንዝ ገብቼ መውጣት ፈለግሁ። ይህ ነገር ውስጤ ነበር።

አንድ ማታ ሻይ ከምንጠጣበት ዳስ በትምህርት ቤቱ ስፖርት የሚያስተምር ወጣት ሱዳናዊ መጣ። ሁላችንም ኡስታዝ ነው የምንለው። በሚመጣው ወር ውድድር እንደሚደረግ ነገረን። በመጀመሪያ በወንዙ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ፤ ሦስቱም ሳይቋረጡ በአንድ ጠዋት። አጭር ነው፣ የሚችል ሁሉ ይግባ አለ። ሩጫው የሚያልቀው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ሰው የነካው፣ የደገፈው ወይም የተሸከመው ግን ከውድድሩ ይወጣል።

"ጆንያው ይግባ!" አለ አንዱ።

"ማን ተሸክሞት?" አለ ሌላው። ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ።

እኔ ብድግ አልኩና "መዝግበኝ፣ ኡስታዝ" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ልቤ ግን እንዴት ትዘል ነበር!

"ዋና ትችላለህ?" አለኝ።

"እችላለሁ... እስከዚያ።"

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎም ልጅቷን ከጡቷ አላቅቃ ትክ ብላ አየችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ልጆቼን የሙት ልጆች ልታደርጋቸው ነው? አዞ ባይበላህ ድንጋጤው ይበላሃል።" ቢሆንም በማግስቱ ልብስ የምታጥብበትን ሰፊ ሳፋ ውሃ ሞልታ ደጅ አስቀመጠችልኝ። "በል፣ መጀመሪያ እዚህ ስጠም" አለች።

የዋና ትምህርቴ እንግዲህ የተጀመረው ከሳፋ ነው። የምትስቁ ሳቁ፤ እንደኔ ውሃ ለሚፈራ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ፊቴን እነክራለሁ፤ ትንፋሼን በአፍንጫዬ ቡልቅ ቡልቅ እያደረግሁ አወጣለሁ፤ ቀና ብዬ አየር እስባለሁ። ዶሮዎቹ ዙሪያዬን ከበው ያዩኛል። ፊቴ ውሃ ውስጥ እያለ አለመደንገጥን ስለምድ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ወንዝ ላይ ያስተማረኝ ጎረቤቴ ነው። ሱዳናዊ ነው፤ ከቤታችን አጠገብ ወፍጮ ነበረው። መካ ደርሶ ስለተመለሰ ሁሉም "ሐጅ" ይለዋል። እኩያዬ ስለሆነ ግን አንተ እየተባባልን እንጫወት ነበር። ራሃድ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ሁሉ ውፍረቱ የት እንደሚሄድ እንጃ፣ ይቀለዋል። ባዶ ጀሪካን አስታቀፈኝና በእግሬ ብቻ እንድገፋ አደረገኝ። እኔ ደግሞ በእግሬም በእጄም ውሃውን እደበድባለሁ።

"ያ ዞል!" ይለኛል፤ አንተ ሰው እንደማለት ነው በነሱ። "ወንዙ ምን አደረገህ? ለምን ትመታዋለህ? ተኛበት!"

ከዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ከባለቤቴ ጋር ሆነው ያጨበጭባሉ። ውሃ ስውጥ ባለቤቴ "ለከብቱም አስተርፍ እንጂ! ወንዙን ጠጥተህ ልትጨርሰው ነው?" ትላለች። እንዲህ እየተሳቀብኝ ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ሐጅ ቀስ ብሎ ጀሪካኑን ከሥሬ ሳበው። እኔ አላወቅሁም። እየዋኘሁ ነበር! ሳውቅ ወዲያው ሰጠምኩ፤ ግን ቅድም ዋኝቻለሁ፣ ማን ሊወስድብኝ ነው? ተነስቼ እየሳልኩ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ቀጥ ብሎ መሄድ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስዋኝ፣ ስነቃ ሌላ ቦታ ነኝ። ሐጅ ዳር ላይ ያለውን ትልቅ ግራር አሳየኝና "ጥቂት ዋኝና ቀና በል፣ ዛፉን እይ፣ መልሰህ ዋኝ" አለኝ። ሯጮች ሆይ፣ መንገድ በሌለበት ውሃ ላይ ዓይናችሁ የሚይዘው ነገር አስቀድማችሁ ምረጡ። እኔ ያን ግራር እስከዛሬ እንደ ዘመድ አስታውሰዋለሁ።

ብስክሌቱም የሐጅ ነው፤ የዱቄት ከረጢት የሚያመላልስበት። ከበድ ያለ ሆኖ ከኋላው የብረት መጫኛ አለው። መጫኛውን እንንቀለው ስለው "እሱን ከነቀልከው ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይወልቃል" አለኝና ተውነው። መቀመጫው ዝቅ ብሎ ጉልበቴ ደረቴን ሊነካ ሲደርስ ኡስታዝ አየና ከፍ አደረገው። ያኔ ነው ጉልበት የት እንደነበረኝ ያወቅሁት! የሱሪዬ እግር ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጊዜ ከጣለኝ ወዲህ ደግሞ በሲባጎ ማሰር ጀመርኩ።

አሁን ለሯጭ ትልቁን ነገር ልንገራችሁ። ሩጫማ እችላለሁ ብዬ፣ ሩጫውን ትቼ ውሃውንና ብስክሌቱን ብቻ እለማመድ ነበር። ኡስታዝ አንድ ቀን ብስክሌት ነድቼ ስመለስ ጠብቆ "ውረድና አሁኑኑ ሩጥ" አለኝ። ወረድኩ። ጉድ ነው! እግሮቼ የኔ አልነበሩም። የሰው እግር ተውሼ የምሮጥ ነው የመሰለኝ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ኡስታዝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይህን እግር ነው መላመድ ያለብህ። ጥቂት ከሄድክ የራስህ ይመለሳል" አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ከብስክሌት በወረድኩ ቁጥር ትንሽም ቢሆን እሮጥ ነበር።

ኡስታዝ ሌላም ብዙ መክሮኛል። ስትጀምር ቀስ በል ይለኛል። ይህንን እኛ አጫጆች እናውቀዋለን። በሰሊጥ አጨዳ ጠዋት ከሌላው ቀድሞ የሚሮጥ ሰው ፀሐይ ስትከር ነዶ ጥላ ሥር ነው የሚገኘው። ቀስ ብሎ የገባ ግን ሲመሽ ትልሙን ይጨርሳል። ጫማህን፣ ሸሚዝህን፣ ባርኔጣህን ቀድመህ በቅደም ተከተላቸው አስቀምጥ፤ ከውሃ ስትወጣ ጭንቅላትህ ይዞራል፣ ያኔ መፈለግ የለም አለኝ። ያንንም እሺ አልኩ። በመጨረሻ ደግሞ፣ "በውድድሩ ጠዋት ተምርና ዳቦ ብላ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣ። ሦስት ሥራ በባዶ ሆድ አይሠራም" አለኝ።

"እሺ" አልኩ።

ውድድሩ አርብ ነው። በነሱ አገር ሁሉም ሥራ የሚያርፈው አርብ ነዋ። እኛ ደግሞ አርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳንቀምስ ነው የምንውለው። ለአጨዳ ቢሆን የነፍስ አባቴ ሁኔታውን አይተው "ልጄ፣ ሥራው ከባድ ነው፣ ቅመስ" ይሉኛል፤ ብለውኝም ያውቃሉ። ለጨዋታ ግን ምን ብዬ ልጠይቃቸው? "አባ፣ ወንዝ ገብቼ ልዋኝ ነውና ይፍቱኝ" ልበላቸው? አፈርኩ። ኡስታዝንም እንዲህ የደከመልኝን ልጅ፣ አልበላም ማለት ከበደኝ። ደግሞም በልቤ ምን አለ እላለሁ። ስንቱን ዓመት በባዶ ሆዴ ሮጫለሁ!

ያን ጠዋት እንዴት እንደነበር! ፀሐይ ገና ስትወጣ ሰው ወንዙን ሞልቶታል። ከበሮ አለ፣ እልልታ አለ፣ አህያና ጋሪ ተቀላቅሏል። የኛ ሰዎች ሁሉ ወጥተዋል፤ ጓደኞቼ ግራሩ ላይ ወጥተው "ጆንያውን ውሃ እንዳይነካው! ዱቄቱ ይበላሻል!" እያሉ ይጮሃሉ። እኔም እየሳቅሁ ጫማዬን፣ ሸሚዜን፣ ባርኔጣዬን አነጠፍኩ።

ሐጅ መጣና በነጭ ጨርቅ የቋጠረውን ተምር ዘረጋልኝ። "ብላ፣ ወንድሜ።"

"ይቆየኝ፣ ሐጅ።"

"ለመቼ ይቆይሃል? አሁን ልትገባ ነው!"

ፊቴን አየ። ቀጥሎ ወደ መስጊዱ አቅጣጫ አየና የገባው መሰለኝ። "አርብ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጾመህ ነው?"

"ጾሜ ነው።"

እኔ የጠበቅሁት ሊቆጣኝ ነበር። እሱ ግን ተምሩን መልሶ ቋጠረና "ኡስታዝ ያውቃል?" ብቻ አለ። "አያውቅም" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። "መልካም" አለ፤ አህያውን ፈትቶ ሄደ። የት እንደሄደ አልነገረኝም።

ፊሽካው ተነፋ። ሌሎቹ እየተጋፉ ዘለው ገቡ። እኔ የሁሉንም ጩኸት አሳልፌ ከኋላ ቀስ ብዬ ገባሁ። ውሃው ወገቤ ሲደርስ የድሮው ፍርሃት ተመለሰብኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ ተጨመረ። አንድ ጉንጭ ውሃ ብውጥ ጾሜ ተፈታ! ስለዚህ አፌን ገጥሜ፣ በአፍንጫዬ ብቻ እየተነፈስኩ፣ ግራሩን እያየሁ ሄድኩ። ለካ አፌን መዝጋቴ በጀኝ። መጮህም መቸኮልም አልቻልኩማ! ተኛበት ያለኝን እያሰብኩ ተኛሁበት። ቀና፣ ግራሩ። ቀና፣ ግራሩ። ከዚያ እጄ ጭቃ ነካ። ቆምኩ። ወጣሁ!

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ከኋላዬ ገና ሁለት ሰው ውሃ ውስጥ አለ፤ ማለት መጨረሻ እንኳ አልነበርኩም! ባለቤቴ ልጅቷን አቅፋ እየዘለለች "ወጣ! በገዛ እጁ ወጣ!" ትላለች። ጓደኞቼም ከዛፉ ወረዱ። እኔ ደግሞ ጫማዬን ግራና ቀኝ አዛብቼ አድርጌ ብስክሌቷ ላይ ወጣሁ።

ብስክሌቱ ላይ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሰሊጡ ከተነሳለት እርሻ መሐል በምትሄደው አቧራማ መንገድ ያ የዱቄት ብስክሌት እየተንቋቋ፣ መጫኛው እየጮኸ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው አለፍኩ። ቀስ በል የተባልኩትን ረሳሁ። ሰው ደስ ሲለው ምክር አይሰማም። ወደ ከተማው ስመለስ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ላቤም ቆሟል። አልጠረጠርኩም። የቀረኝ ሩጫ ነው፤ ሩጫ ደግሞ የኔ ነው ብዬ።

ወረድኩ። የሰው እግር መጣ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ይባስ ብሎ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይመላለስ ጀመር። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ያለፍኳቸው ሰዎች እየመጡ አለፉኝ። ኡስታዝ ከመንገዱ ዳር ቆርቆሮ ውሃ ይዞ "ጠጣ! ጠጣ!" ይላል። በእጄ እምቢ ብዬ አለፍኩ። ምን ነካው ብሎ ደርቆ ቀረ። ከዚያ የመስጊዱን ግንብ አለፍ እንዳልኩ ጉልበቴ ታጠፈና ተንበረከኩ።

ሰው ተሰበሰበ። ጓደኞቼ ሮጠው መጡ። አሁን የሚስቅ የለም። "አንሱት! ጋሪ አምጡ!" ይላል አንዱ። "ጀርባዬ ላይ አድርጉት!" ይላል ሌላው። እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁ። ቢነኩኝ ሁሉ ነገር አለቀ። ሳፋው፣ ወንዙ፣ ያ ሁሉ ጠዋት። አትንኩኝ ልል ፈለግሁ፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል።

"ማንም እንዳይነካው!"

ሐጅ ነው። አህያውን እየነዳ፣ ሁለት ጀሪካን የወንዝ ውሃ ጭኖ መጣ። ሰዉን በአህያው ገፍቶ አስፋና አጠገቤ ቆመ። ከዚያ ያን ሁሌ ንጹሕ፣ ነጭ፣ ለጁምዓ ሶላት የጠመጠመውን ረጅም ጥምጣሙን በሰው ፊት ከራሱ ላይ ፈታው። ራሱ ላይ ጥቂት ሽበት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከወንዝ ውጭ ባዶ ራሱን አይቼው አላውቅም። ጥምጣሙን ጀሪካኑ ውስጥ ነክሮ፣ ጫፉን እሱ ይዞ፣ ሌላውን ጫፍ ወረወረልኝ። "ራስህ ላይ አድርገው። አንገትህንም። አፍህ ውስጥ አይገባም፣ አትፍራ። እኔም በረመዳን ወፍጮ ፊት የምቆመው እንዲህ ነው።"

ጠመጠምኩት። ቅዝቃዜው እስከ ተረከዜ ወረደ። ዓይኔ በራ።

ኡስታዝ እየሮጠ ደረሰ። "ውሃ ለምን አልጠጣም? ምንድን ነው?"

"አርብ ነው" አለው ሐጅ። "ጾመኛ ነው። ተው።"

ኡስታዝ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ "ሳትነግረኝ?" አለኝ፤ ግን ሳቅ እየቀደመው ነበር።

ተነሳሁ። ማንም አልነካኝም። ሐጅ ከጎኔ፣ ከክንድ ርቀት፣ ባዶ ራሱን አህያውን ይዞ ይሄዳል። "አትሩጥ። መሮጥ የምትችል ነው የሚመስልህ፣ ግን አትሩጥ። ሂድ። ጥላ ስታይ ትንሽ ፍጠን፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ቀንስ።" እንዳለኝ አደረግሁ። ጥምጣሙ ሲደርቅ ጫፉን ይቀበለኛል፣ ይነክረዋል፣ ይመልስልኛል። ጓደኞቼም ከኋላ መጡ፤ እነሱም በእግራቸው፣ ቀስ እያሉ። አንዱ መዝፈን ጀመረ፤ አጨዳ ላይ ትልም ሊያልቅ ሲል የሚዘፈነውን። ሌሎቹ ተቀበሉት። የከተማው ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የትምህርት ቤቱ በር ሲታየኝ አላስቻለኝም፤ ምክሩን ጥሼ ሮጥኩ! የራሴ እግር ተመልሶ ነበር።

ስንተኛ እንደወጣሁ አልጠየቅሁም። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ ታለቅስም ትስቅም ነበር። ኡስታዝ ውድድሩን ከጨረሱት ጋር አሰለፈኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ያንኑ ሐጅ የቋጠረውን ተምር በላሁ፤ እንደዚያ ያለ ተምር ቀምሼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የሚወዳደር ልጅ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ሳፋውም ስለ ብስክሌቱም ከነገርኩት በኋላ፣ ሆዱ ባዶ ከሆነ ለሚያሠለጥነው ሰው እንዲናገር እመክረዋለሁ።

ሐጅ ያን ቀን ጁምዓ ሶላት የሄደው አቧራና ላብ የጠጣ እርጥብ ጥምጣሙን መልሶ ጠምጥሞ ነው። ሰዎች ሲጠይቁት "ዝናብ አገኘኝ" አላቸው አሉ፤ በዚያ ፀሐይ! ዛሬም ሰዎች ያን ውድድር እንዴት ጨረስከው ሲሉኝ ብዙ አላወራም። ያስጨረሰኝ ባለ ወፍጮው ጎረቤቴ ነው።